ራፖር ጸሐፊ ለነበሩት ፕሬዚዳንታችን፦ ሳይሰሙን ለምን ፈረዱብን?

ጅማ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የትምህርት ተቋማችን ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉን መዘጋት ይመለከታል

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍነው ሌላው በር ስላልተከፈተልን ነው። ማዕከሉ ከተዘጋበት ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል። ሦስቱም በጽሕፈት ቤትዎ «ገቢ» ተብለው ቁጥርና ማኅተም አግኝተዋል፤ መልስ ግን አላገኙም። የተቋሙንም ሆነ የእርስዎን ስም እዚህ አላነሣንም። ጅማ ውስጥ ወሬ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልገውም፤ እርስዎ ካነበቡት ይበቃናል።

ደብዳቤው የብዙ ሰው ነው። በማዕከሉ በበጎ ፈቃድ ያገለገሉ የሕግ ተመራቂዎች አሉበት፣ ዘንድሮም በትምህርት ላይ ያሉ ተማሪዎች አሉበት። ብዕሩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ፤ የማዕከሉን መዝገብ ለአሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት። ሕግ አልተማርኩም፤ ያለኝ የጽሕፈትና የቢሮ አስተዳደር ዲፕሎማ ነው። አንቀጽ ብሳሳት ያርሙኝ። ድሮም በቀይ እስክሪብቶ ያርሙኝ ነበር።

አቤቱታችን የሚነሣው ከራስዎ የሥራ ታሪክ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙ ዕለት በሞላ አዳራሽ ፊት ነግረውናል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ በላስቲክ ዳስ ውስጥ፣ በተከራዩት የጽሕፈት መኪና ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። የፍርድ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን ከዳሱ ሰዎች ሁሉ ቀድመው በቁቤ መጻፍ ተማሩ፤ ያኔ ሌሎቹ ገበያቸው ቀዝቅዞ ወደ ሌላ ሥራ ሲበተኑ የእርስዎ ወረፋ ረዘመ። ከዚያ የሕግ ዲፕሎማ፣ ቀጥሎ የወረዳ ዳኝነት፣ በማታ ትምህርት ዲግሪ፣ ከዳኝነት ለቀው ጥብቅና፣ በኋላም መምህርነት፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊነት፣ ዲንነት። መዳፋችን እስኪቀላ አጨበጨብንልዎ። ከራፖር ጸሐፊ እስከ ፕሬዚዳንት! እኔ ከኋላ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ልደብቀው አልፈልግም።

ማዕከሉን በ2005 ዓ.ም. ሲከፍቱ የሰጡን ትእዛዝ ከዚያ ዳስ የመጣ ነበር። ክፍሏ አንድ ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ካቢኔት፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ወንበሩ በረንዳ ላይ እንዲሆን ያሰበውን የግዢ ሠራተኛ ተቆጥተው ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ባለጉዳይ በጅማ ዝናብ ደጅ አይጠናም ብለው። «ፍሬ ነገሩን ተናገር» የሚለውን ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ ከለከሉን። የድንበር ክስ ይዞ የመጣ ገበሬ ከአያቱ ቀብር ይጀምራል፤ አታቋርጡት፤ ዋናውን ነገር የሚናገረው ጨርሶ ሲነሣ፣ ባርኔጣውን ሲያጠልቅ ነው አሉን። ይህን ሕግ መጽሐፍ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስህተት ሆኖ አላየሁትም።

ሥራችን ቀላል አልነበረም። ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ኦሮሞም፣ አማራም፣ ዳውሮም፣ ከፋም፣ የምም ነው። አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ አፋን ኦሮሞ ለማያውቀው በአማርኛ ይነበብለታል፤ አማርኛውም ለከበደው ከግቢው ሠራተኛ ወይም ከተማሪ አስተርጓሚ ይፈለግለታል። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፣ ፈቃድ ያላቸው መምህራን ችሎት ይቆማሉ፣ እኔ ቀጠሮ እመዘግባለሁ። ቀጠሮ መመዝገብ ተራ ነገር ይመስላል። ባለጉዳይ የሚሸነፈው ግን ብዙ ጊዜ በማስረጃ ማጣት ሳይሆን በቀጠሮ መቅረት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

የመጀመሪያው ስለ አዘጋጉ ነው። ዓርብ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲወጣ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር ተለጠፈ፤ ከሰኞ ጀምሮ ማዕከሉ አገልግሎት አይሰጥም ይላል። ምክንያት የለውም። ግልባጩ ለፋይናንስ፣ ለንብረት ክፍልና ለጥበቃ ክፍል ነው። ለማዕከሉ ግልባጭ አልተደረገም። እኔ ሥራዬ መቆሙን ያወቅኩት በሩ ላይ ሊቆልፍ ከመጣው የጥበቃ ባልደረባ ነው፤ እሱም ሰው አክባሪ ስለሆነ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከሁሉም ይቅርታ የጠየቀን እሱ ብቻ ነው።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የወጣ ጊዜ ለመምህራንና ለእኛ ለአስተዳደር ሠራተኞች ስልጠና የሰጡት እርስዎ ነዎት። ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የሚነካውን ሰው መስማት፣ ውሳኔው ሲሰጥም ምክንያቱን መጻፍ፤ ማስታወሻዬ ላይ አሁንም አለ። አዋጁ የሚሠራው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ እኛ የግል ተቋም ነን ይሉን ይሆናል። እውነትዎን ነው። ነገር ግን ያን ዕለት ከአዋጁ አልፈው ስለ በላ ልበልሃ አወሩን፤ አዋጅ ሳይጻፍ በፊት በዚህ አገር ሁለት ተሟጋች መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ይሟገቱ እንደነበር፣ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ዱላውን ከአየር ላይ ይመልስ እንደነበር። እንግዲህ እኛም ከሰኔ ወዲህ በሕግ አምላክ ብለናል፤ ሦስት ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ በገቢ ቁጥር።

ተመራቂዎቹ ደግሞ በክፍል ውስጥ የነገሯቸውን አስታውሱልን ብለውኛል። ስለ ኤድዋርድ ሌቪ ደጋግመው ያስተምሩ ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆነ፣ በ1975 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተባለ ሰው። በ1969 ተማሪዎች የአንዲት መምህርት ውል አልታደሰም ብለው የአስተዳደሩን ሕንጻ ለሁለት ሳምንት ያህል ያዙበት። ፖሊስ አልጠራም። ነገሩን ወደ ዲሲፕሊን ጉባኤ መራው፤ በመጨረሻ ከ40 በላይ ተማሪዎች ተባረሩ። በክፍሉ ውስጥ ክርክር ይነሣ ነበር አሉ፤ አንዳንዱ ጨካኝ ይለዋል፣ አንዳንዱ ጠንቃቃ። እርስዎ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ፣ የሕግ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲመራ ቸር መሆን ግዴታው አይደለም፣ ሥርዓት ማክበር ግን ግዴታው ነው ይሏቸው ነበር። የእኛ ጥያቄ ከዚህ አያልፍም። ቸርነት አልጠየቅንም።

ሩቅ አገር ላይ ብቻ እንዳንቆም፣ ከመምህራኖቻችን አንዱ ለዶክትሬቱ የተመዘገበው አቃቂ ማዕከል ባለው የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ፣ በዩኒሳ ነው። ዩኒሳን እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 የመሩት ባርኒ ፒትያናም የሕግ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት የአገራቸው የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ነበሩ። አቤቱታ ሲሰማ የኖረ ሰው ዩኒቨርሲቲ መምራቱ እንግዳ ነገር አይደለም ማለቴ ነው። እንግዳ የሆነብን አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ ሰው አቤቱታ አለማንበቡ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ሰዎቹ ነው፤ እዚህ ላይ እባክዎ አያቋርጡኝ።

በተዘጋበት ቀን በእጄ 31 ያልተቋጩ መዝገቦች ነበሩ። አንዷ ባለጉዳይ ቡና ለቃሚ ናት። ከአንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ሚያዝያ 22 ቀን በቃል ተሰናበተች፤ የሁለት ወር ደመወዝ ቀርቶባታል። ሰኔ መጀመሪያ መጣችልን። እርስዎ ከማንም በላይ እንደሚያውቁት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ካልቀረበ ይርጋ ያግደዋል። ክሱ ተጽፎ አልቆ ነበር፤ የጎደለው ማስረጃ ማያያዝ ነው። ማስረጃዎቹ፣ የደመወዝ መክፈያ ፔሮሉ ፎቶ ኮፒና የመታወቂያዋ ቅጂ፣ ካቢኔቱ ውስጥ ናቸው። የካቢኔቱ ቁልፍ ሰኞ ዕለት ተወሰደ። ቁልፉን ለአንድ ሰዓት ያህል ስጡን ብለን ንብረት ክፍልን ጠየቅን፤ ከበላይ ትእዛዝ ያስፈልጋል ተባልን። ሴትዮዋ በሐምሌ ዝናብ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰች ከውጭው በር ተመለሰች። ሐምሌ 22 አለፈ። ወደ ሥራ የመመለስ መብቷ አብሮ አለፈ። በጥቅምት፣ ስድስት ወሩ ሊሞላ ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ገንዘብ ተበድራ የደመወዙን ክስ ብቻ አስገባች። የጻፈላት ማን እንደሆነ ይገምታሉ? ከፍርድ ቤት አጥር ሥር የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ነው። ዛሬ የሚጽፉት በላፕቶፕ ነው፤ ዳሱ ግን ያው ላስቲክ ነው።

ሁለተኛዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ዳውሮ። ቀለብ ተፈርዶላት ፍርዱን በማስፈጸም ላይ ነበርን። የሰኔ መጨረሻውን ቀጠሮ የምታውቀው በእኛ ስልክ ነው፤ ስልኩ የቢሮ ስልክ ነበረና ተቋረጠ። ቀረች፤ መዝገቡ ተዘጋ። ሊከፈት ይችላል፣ አውቃለሁ። እስኪከፈት ልጆቹ ምን ይበላሉ የሚለውን የሥነ ሥርዓት ሕጉ አይመልስልኝም።

ከጅሬን በኩል የሚመጡ አንድ አባትም አሉ። የውርስ ክርክራቸውን ለመጻፍ የቤታቸውን ካርታ ዋናውን ትተውልን ነበር፤ ቅጂው አይነበብም ስለተባለ። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ሲወጡ ወደ ማባዣ ክፍል ብቅ ይላሉ፤ እኔ አሁን የምሠራው እዚያ ነው። «ልጄ፣ ወረቀቴስ?» ይሉኛል። ሌላ ነገር አይናገሩም። ቁጣ ቢያወርዱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ ወደ ሦስተኛው ቅሬታ ይወስደኛል፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። በነሐሴ ካቢኔቱ ለሌላ ክፍል ተፈለገ። ፋይሎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተከመሩ። ያ ክፍል በር እንጂ ቁልፍ የለውም። ጣራው ያፈስሳል። እዚያ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ልዘርዝርልዎ? የተደፈረች ልጅ የሰጠችው ቃል አለ። የኤች አይ ቪ የምርመራ ወረቀት አለ፣ ባል ለፍቺ ያመጣው። የቤተሰብ ገመና፣ የጎረቤት ጠብ፣ የአንድ ባለሥልጣን ስም የተጠቀሰበት አቤቱታ አለ። በመስከረም ገብቼ ሳይ ሁለቱ ከረጢቶች ከሥር ረጥበው ቀለሙ ተዋህዷል። አንዱ ከረጢት ተፈትቶ ነበር፤ ማን እንደፈታው ጠይቄ ያወቀ የለም።

የጠበቃ ምስጢር ጠበቃው ሥራ ቢቀይርም፣ ባለጉዳዩ ቢሞትም አይሻርም ብለው አስምለውን ነበር። እኔን፣ ጠበቃ ያልሆንኩትን፣ በጽሑፍ አስፈርመውኛል፤ ፊርማው ከግል ማኅደሬ ውስጥ አለ። ማዕከል መዝጋት የፕሬዚዳንት ሥልጣን ሊሆን ይችላል። የሰው ገመና ማዳበሪያ ውስጥ ጥሎ መሄድ ግን የማንም ሥልጣን አይደለም።

ስለ ተማሪዎቹ ባጭሩ። የመዝጊያው ምክንያት የመውጫ ፈተናው ነው ሲባል ሰምተናል፤ በጽሑፍ ሳይሆን በካፌ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው የሁሉም ዲግሪ ተማሪ ግዴታ መሆኑን፣ ተቋሞችም በሚያሳልፉት ተማሪ ብዛት መታየታቸውን እናውቃለን። የሕግ ተማሪ ግን ከሌሎቹ ተማሪዎች በዓመታት ቀድሞ ሲፈተን የኖረ ነው፣ ማዕከሉም አብሮ ሲሠራ ነበር። አንዱ ለሌላው እንቅፋት መሆኑ የታየው አሁን እንዴት እንደሆነ የሚያሳይ ጥናት ካለ ያሳዩን፤ አንብበን እንመልሳለን። የበጀት ጉዳይ ነው የሚሉም አሉ። የማዕከሉን ወጪ የማውቀው እኔ ነኝ፦ ወረቀት፣ ቀለም፣ የስልክ ካርድና የእኔ ደመወዝ። ደመወዜ አልቀረም፣ ማባዣ ክፍል ውስጥ እየተከፈለኝ ነው። ክፍሏም ዛሬ የአዲስ ተማሪዎች መመዝገቢያና የማስታወቂያ ቢሮ ሆናለች። አግዳሚ ወንበሩ በረንዳ ላይ ወጥቷል።

ስለ ማዕከሉ ጠይቀው ፊርማ ያሰባሰቡ ሁለት ተማሪዎች በ«አድማ» ስም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ፊርማውን ያሰባሰቡት እርስዎ በጻፉት የማስተማሪያ ጽሑፍ ላይ ባለው የአቤቱታ ፎርም ነው። ርእሱን እንኳ አልቀየሩም።

አንድ ነገር ስለ ሃምሳ ሰዓቱ ልጨምር። ለፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የወጣው ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይል ነበር። እርስዎ ይህን ቁጥር አይወዱትም ነበር፤ ሃምሳ ሰዓት ለድሃ ጥቂት ነው፣ ይህ ማዕከል በወር ይጨርሰዋል ይሉ ነበር። በመዝገቤ አረጋግጫለሁ፤ በአንዳንድ ወራት በሁለት ሳምንትም ጨርሰነዋል። አሁን ግን ዓመቱ እያለፈ ነው፣ ሰዓቱም ዜሮ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት ቀጠሮ ይስጡን። ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ፣ እንደ ችሎት። ከተመራቂዎቹ ሁለት፣ ከተማሪዎቹ ሁለት፣ እኔም እንቀርባለን። ሰምተውን ማዕከሉ ይዘጋ ካሉ ምክንያቱን ጽፈው ይስጡን፤ ውሳኔውን ባንወደውም ተቀብለን ለቦርዱ ይግባኝ እንላለን።

ቀጠሮው የማይጠብቀውን ደግሞ ዛሬውኑ ያዙልን። ፋይሎቹ ከዚያ ክፍል ወጥተው ቁልፍ ባለው የብረት ካቢኔት ይግቡ፣ ቁልፉም በሕግ ትምህርት ክፍል እጅ ይሁን። የባለጉዳዮች ዋና ሰነዶች፣ ከሁሉ በፊት የጅሬኑ አባት ካርታ፣ በዚህ ሳምንት በፊርማ ይመለሱ፤ የተበላሸ ካለ ተቋሙ በራሱ ወጪ ምትኩን ያስወጣ። ከ31ዱ መዝገቦች ይርጋ ያልደረሰባቸውን ፈቃድ ያላቸው መምህራን እንዲቋጩ ይፈቀድ፤ ክፍል ካልተገኘ ማባዣ ክፍሉ ጥግ ላይ ቦታ አለኝ። የሁለቱ ተማሪዎች ማስጠንቀቂያ ከማኅደራቸው ይውጣ። ቡና ለቃሚዋን በተመለከተ፣ ያመለጣት መብት በተቋሙ ቁልፍ ምክንያት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍላት እንለምናለን። ደብዳቤው ይርጋውን እንደማያነሣው ተነግሮኛል፤ እሷ ግን ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ በማኅተም ማየት ትፈልጋለች።

የቀጠሮውን ቦታ እርስዎ ይምረጡ። ወንበር ካነሰ በረንዳ ላይ ያለውን አግዳሚ ይዘን እንገባለን።

ከአክብሮት ጋር

የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ የቀድሞ መዝገብ ያዥ፣
በማዕከሉ ያገለገሉ የሕግ ተመራቂዎችና ተማሪዎች

ግልባጭ፦
ለተቋሙ ቦርድ
ለሕግ ትምህርት ክፍል
ለንብረት ክፍል
ለጥበቃ ክፍል